ሆርን ነፊ የሚከፈለው ለነፋበት ሰዓት ነው ወይስ ለጠበቀበት?

ከሦስት ሳምንት በፊት በዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ አንሥቼ ነበር። ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሶቹ ግን 34 ደረሱ። ዘግይተው የገቡ አንባቢዎች የነገሩ መነሻ ስለጠፋባቸው ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ በቁጥሩ ቅደም ተከተል እንድተርክላቸው ጠይቀውኛል። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የገባኝን ያህል እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምንኖረው ጀርመን አገር ማይንትስ አጠገብ ነው። የ17 ዓመት ልጄ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ፍሬንች ሆርን የሚባለውን፣ ረጅም ቱቦው የተጠማዘዘ የነሐስ መሣሪያ ትነፋለች፤ አሁን ደግሞ ለሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተቀምጣ እንጀራዋ ላደርገው ነው ትላለች። ሙያዬ ሒሳብ መያዝ ስለሆነ እሺ ወይም እምቢ ከማለቴ በፊት ማስላት ፈለግሁ። አንድ ምሽት ኦፔራ ወስዳኝ ከላይኛው በረንዳ ጎን፣ ኦርኬስትራው ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ቦታ ተቀመጥን። መድረኩን ትቼ በእጄ ሰዓት አራተኛዋን ሆርን ነፊ ስከታተል አመሸሁ፤ ከመጀመሪያው ገቢር ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መሣሪያዋን ጭኗ ላይ አስተኝታ አሳለፈችው። በኋላም የጀርመን ኦርኬስትራዎች ሥራን የሚቆጥሩት በሰዓት ሳይሆን ዲንስት በሚሉት አገልግሎት እንደሆነ፣ እሱም በአማካይ በሳምንት 8 ገደማ፣ አንዱም ብዙውን ጊዜ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት እንደሚፈጅ ሰማሁ። 8 በ3 ሲባዛ 24 ነው፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ ቁጭታ ነው። ስለዚህ ሥራው ቀላል፣ ደመወዙ የታወቀ መሆኑን በልበ ሙሉነት ከጻፍኩ በኋላ እንዴት እንደሚገባበትና ስንት ዓመት እንደሚያሠራ ጠየቅሁ። ጣጣ ያመጣብኝ ጥያቄው አልነበረም፤ ልበ ሙሉነቱ ነበር።

1ኛው መልስ የመጣው ስቱትጋርት ከሚኖሩ አባት ሲሆን፣ እንኳን ደስ ያለዎት ብለው፣ ልጅ በዚህ ዘመን ከሕዝብ በጀት የሚከፈል ቋሚ ሥራ መመኘቷ በራሱ በረከት መሆኑን ገልጸው፣ በስሌቴም ተስማምተዋል። በክሩ ውስጥ ያለማቅማማት የተስማማኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

2ኛውን የጻፈችው በአንድ የጀርመን ቲያትር ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ሆርን የምትነፋ፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚሁ የተወለደች እኅት ናት። በአንቱታና በትሕትና ጀመረች፤ ሒሳቤ ከመነሻው የተጣመመ መሆኑን ግን ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። የሆርን ቱቦ ተዘርግቶ ቢለካ 3 ሜትር ከ70 ገደማ እንደሚሆን፣ የትራምፔት ግን ከአንድ ሜትር ተኩል እንደማይበልጥ አስረዳች። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ጣት ሳይነቃነቅ በከንፈር ብቻ የሚወጡት ድምፆች ይበዛሉ፤ ሆርን ደግሞ በአብዛኛው የሚነፋው እነዚህ ድምፆች ትከሻ ለትከሻ በተጠጋጉበት ከፍታ ላይ ነው። ጣት ትክክለኛውን ቫልቭ ቢጫንም ከንፈር በጥቂቱ ከሳተ የሚሰማው የጎረቤቱ ድምፅ ነው፤ ያን ደግሞ ሁለት ሺህ ሰው እኩል ይሰማዋል። ስለዚህ ነፊዋ ድምፁን ከማውጣቷ በፊት በጭንቅላቷ ውስጥ መስማት አለባት።

ቀጥላም እኔ ዕረፍት ያልኩትን ዝምታ ከውስጥ ሆና አሳየችኝ። ብረቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ድምፁ ዝቅ ስለሚል፣ የመግቢያዋ ጊዜ ሲቃረብ ድምፅ ሳታወጣ ሞቅ ያለ እስትንፋስ ትለቅበታለች። እስትንፋስ ወደ ውኃነት ተለውጦ በቱቦው ጥምዝ ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ እንዳይንቦጫረቅ መሣሪያውን እንደ መኪና መሪ እያዞረች ታፈሰዋለች። በዚህ ሁሉ መካከል ሜዠር፣ ማለትም ሙዚቃው የሚከፋፈልባቸውን እኩል የምት ክፍሎች፣ ትቆጥራለች፤ 80 ቆጥራ በ81ኛው ላይ፣ ከንፈሯ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በለሆሳስ መግባት ይጠበቅባታል። ጮክ ብሎ መግባት ቀላል ነው፤ አስጨናቂው በቀስታ መግባት ነው። እንደ እሷ አገላለጽ ቲያትር ቤቱ የሚከፍላት ለዚያች አንድ ድምፅ ነው፤ የቀረው ሰዓት እሷን ጠብቆ የማቆየት ሥራ ነው።

3ኛው መልስ ሰጪ ስሙ ላይ ቆመ። መሣሪያው ፈረንሣዊ እንዳልሆነ፣ እንግሊዞች የፈረንሣይን የአደን ቀንድ አይተው የለጠፉበት ስም እንደሆነ፣ የዓለም አቀፉ የሆርን ማኅበር ከ1971 ጀምሮ ሆርን ብቻ ተብሎ እንዲጠራ እንደመከረ፣ የቫልቩ ባለ ፓተንቶች ሽቶልዝልና ብሉሜል የተባሉ ጀርመኖች ዘመናቸውም 1818 መሆኑን አብራርቶ፣ በጥያቄዬ ውስጥ ፍሬንች የሚለውን ቃል መጠቀሜን ነቀፈ። ሁሉም እውነት ነው፤ ማንም ግን አልጠየቀውም። በእኛ ሰፈር እንደሆነ የሚነፋ ብረት ሁሉ ጡሩምባ ነው።

4ኛው ላይ ድምፀቱ ተለወጠ። የጻፈው በዕቃ ማከማቻ ሌሊት የሚሠራ ሰው ነው፤ በሳምንት 40 ሰዓት ቆሞ እንደሚውል፣ መቁጠርና መጠበቅ ሥራ ከሆነ እሱም አውቶቡስ የሚጠብቅበት ሊከፈለው እንደሚገባ ጽፎ፣ ሁለተኛዋን መልስ ሰጪ የተቀማጠለች አድርጎ ሣላት። አነጋገሩ ባይጥመኝም እኔ በመነሻዬ የተናገርኩትን ነበር ያለ ማለሳለሻ የመለሰልኝ።

5ኛው ለእሱ የተሰጠ ምላሽ ነው፤ የጻፈው ሚስቱ ሆርን ነፊ የሆነች፣ ሆላንድ የሚኖር ወንድማችን ነው። በክርክር ፈንታ ያጋጠመውን አወጋ። ለገና በዓል ሦስት ሳምንት ደብረ ብርሃን እናቱ ዘንድ ሄደው ነበር። ሆርን የሚነፋ ከንፈር ደግሞ ሦስት ሳምንት አያርፍም፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተወው ጡንቻው መላላት ይጀምራል፣ ወደ ነበረበት ለመመለስም የዕረፍቱን ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ መሣሪያው አብሯቸው ተሳፈረ። በመጀመሪያው ማለዳ ሚስቱ ሰው ሳይነቃ ልጨርስ ብላ በጓዳ በኩል ባለው ክፍል ተቀምጣ ማሟሟቂያዋን፣ ማለትም ረዣዥምና ዝግ ያሉ ድምፆችን፣ አንድ በአንድ መንፋት ጀመረች። እናቱ ደንግጠው ተነሡ፤ አማተቡ፤ ማን ነው የሞተው ብለውም በሩ ሥር ቆመው ጠየቁ። እሱ ነገሩን አስረድቶ ሳይጨርስ ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው በር ላይ ደርሰዋል። በዚያ ሰፈር በንጋት የሚሰማ ጡሩምባ የእድር ጡሩምባ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ለመጡት ሰዎች ቡና ተፈላ፤ ከማግስቱ ጀምሮ ልምምዱ እኩለ ቀን ላይ፣ በሰፊው አፉ ላይ ማፈኛ ተወትፎበት ሆነ። ታሪኩን ያወራው ሊያስቀን ብቻ አልነበረም፤ እነዚያ ማለዳዎች በእኔ 24 ሰዓት ውስጥ የትኛው መስመር ላይ እንደተመዘገቡ ጠየቀኝ። የትም አልተመዘገቡም።

6ኛው ሳቅ ብቻ ነበር። 7ኛው አንዲት እናት ኦርኬስትራ ስለሚገባበት ፈተና ጠየቁ፤ ከ8ኛ እስከ 10ኛ ያሉት መልሶች በዚሁ ላይ ያተኮሩና ለእኔ ከሁሉም የጠቀሙኝ ናቸው። 8ኛውን የጻፈው አሜሪካ ሆኖ የተፈተነ ሰው ነው። ለአንድ ወንበር ከመቶ በላይ ሰው ሊቀርብ እንደሚችል፣ ፈታኞቹ ከመጋረጃ በስተጀርባ እንደሚቀመጡ፣ የጫማ ኮቴ ሴትነትን ወይም ወንድነትን እንዳያጋልጥ ወለሉ ላይ ምንጣፍ እንደሚነጠፍ ነገረን። ተፈታኙ ሙሉ ሥራ አይጫወትም፤ ከየሲምፎኒው ተቆርጠው የወጡ፣ አንዳንዶቹ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጡ አስፈሪ አስፈሪ ቦታዎችን ብቻ ነው። እሱ 11 ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ መጨረሻ ዙር እንደደረሰ፣ በአንደኛው ጊዜም ኦርኬስትራው ማንንም ሳይመርጥ ሁሉንም ወደየቤታቸው እንደላካቸው፣ የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ወጪ የቻለው ራሱ እንደነበረ ጻፈ። ዛሬ ያስተምራል፤ በየሠርጉና በየቤተ ክርስቲያኑም ሲጠሩት ይነፋል።

9ኛው ላይ ያቺው ሁለተኛ ሆርን ነፊ የጀርመኑን መንገድ አስረዳች። መጀመሪያ የሞዛርት ኮንሰርቶ፣ ማለትም አንድ መሣሪያ ጎልቶ የሚወጣበት ሥራ፣ ብዙውን ጊዜም በመጋረጃ፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃው ተነሥቶ ከኦርኬስትራ ሥራዎች የተመረጡ ቦታዎች፤ በመጨረሻም የኦርኬስትራው አባላት ድምፅ ይሰጣሉ። ያለፈ ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ አለው፤ በዓመቱ መጨረሻ ባልደረቦቹ እንደገና ድምፅ ይሰጡበታል። አጠገቧ ተቀምጦ ቡና የሚጋብዛት ሰው ድምፅ የሚሰጥባት ሰው ነው፤ ያ ዓመት በሕይወቷ ከሁሉም የረዘመው ዓመት እንደነበር ጻፈች። ከፍና ዝቅ የሚባል የሥራ ክፍፍል መኖሩንም ከእሷ ነው የተማርኩት፦ አንደኛና ሦስተኛ ሆርን በልማድ ከፍተኛውን ድምፅ፣ ሁለተኛና አራተኛ ዝቅተኛውን ይይዛሉ፤ ልጄ ገና ከትምህርት ቤት ሳትወጣ ከሁለቱ አንዱን ብትመርጥ ይሻላታል። አራተኛነትን ዝቅ አድርጌ እንዳላይ ደግሞ የቤትሆቨንን 9ኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል አስታወሰችኝ፤ በዚያ ክፍል የሆርኑ ትልቅ ሶሎ የተጻፈው ለአንደኛው ሳይሆን ለአራተኛው ነው።

10ኛው ከለንደን የመጣ ነው። በዚያ ከተማ አሠራሩ ሌላ እንደሆነ፣ ፈተናውን ያለፉ ሰዎች የሙከራ ጥሪ እየደረሳቸው አንድ ሳምንት ከኦርኬስትራው ጋር ይጫወቱና ወር ሁለት ወር ዝም እንደሚባሉ፣ ለአንድ ወንበር ብዙ ሰው በተራ እንደሚሞከር፣ ነገሩም ከዓመት በላይ ሊጎተት እንደሚችል ተረከ። በየመሐሉ ማን እንደተጠራ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገርም።

11ኛው ላይ ተጣላን ማለት ይቻላል። ጸሐፊው እስከዚያ ድረስ ሁሉም የጠበቁትን አንቱታ ጥሎ አንተ እያለ ጀመረኝ። እንዲህ ያለ በር ጠባብ መሆኑን እያየ ልጁን የሚገፋ አባት ስሌት ሳይሆን ልብ የጎደለው ነው አለኝ፤ ሙዚቃ የሀብታም ልጅ ጨዋታ መሆኑን፣ የስደተኛ ልጅ መማር ያለባት ሕክምና ወይም ኮምፒውተር መሆኑን ጨመረ። እኔ እንዳልገፋኋት፣ እንዲያውም የምትገፋኝ እሷ መሆኗን ብመልስም በ12ኛው መልሱ ከአቋሙ ፈቀቅ አላለም። መሣሪያው ለወንድ ሳንባ የተሠራ ነው የሚልም አከለበት። ይህን ያነበበች ሌላ አንባቢ በ13ኛው ሁለት መስመር ብቻ ጻፈችለት፦ ሣራ ዊሊስ የምትባል ሆርን ነፊ በ2001 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ የነሐስ ነፊዎች ክፍል የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና መግባቷን፣ የምትነፋውም ብዙ እስትንፋስ የሚበላውን ዝቅተኛውን ሆርን መሆኑን። ሰውየው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

14ኛው ትኩረቱን ወደ እንጀራው ጉዳይ መለሰው። የለንደኑ ሰው እንደገና ገብቶ፣ እንደ ለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ያሉት ስመ ጥር ኦርኬስትራዎች የራሳቸው የተጫዋቾቹ ንብረት መሆናቸውን፣ የለንደን ሲምፎኒም ከተመሠረተበት ከ1904 ጀምሮ በዚሁ መንገድ እንደሚተዳደር አስረዳ። ሲሰሙት ክብር ያለው ነገር ነው፤ ትርጉሙ ግን አባሉ ደመወዝተኛ ሳይሆን በሠራበት ልክ የሚከፈለው ሰው መሆኑ ነው። የታመመ ቀን የለም፤ የዓመት ፈቃድም የለም። አባል ያልሆነው ደግሞ የሚኖረው በስልክ ጥሪ ነው። ሁለት ጊዜ እምቢ ያለ ሰው ሦስተኛው ጥሪ ለሌላ ሲሄድ ስለሚያይ፣ የልጁን ልደት ትቶ ወደ ስቱዲዮ ይሮጣል። የፊልም ሙዚቃ ቀረጻ ጥሩ ይከፍላል፤ ኖታው ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው እዚያው ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ቀይ መብራቱ ሲበራ ከንፈር ዝግጁ ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።

15ኛው ቋሚ ደመወዝም ቢሆን ቃል ኪዳን እንዳልሆነ አስታወሰ። የሚኒሶታ ኦርኬስትራ ተጫዋቾች በ2012 በር ተዘግቶባቸው እስከ 2014 መጀመሪያ መቆየታቸውን፣ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ተጫዋቾች በወረርሽኙ ጊዜ ከ2020 ሚያዝያ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ገደማ ያለ ደመወዝ መክረማቸውን፣ ቢቢሲም በ2023 የእንግሊዝ ኦርኬስትራዎቹን የሥራ ቦታዎች በ20 በመቶ ለመቀነስ አስቦ ተቃውሞ እንደገጠመው ዘረዘረ። ጀርመን ይሻላል ብዬ እንዳልጽናና፣ ከ1992 ወዲህ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩት ኦርኬስትራዎች ከ168 ወደ 130 ገደማ መውረዳቸውን ጨመረልኝ። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ለልጄ አሳየኋት። እሷም የሚያስፈልጋት አንድ ወንበር መሆኑን ነገረችኝ።

ከ16ኛ እስከ 18ኛ ክሩ አዲስ አበባ ገባ። አንድ አዛውንት፣ በወጣትነታቸው በወታደር ባንድ ውስጥ የነፉ፣ ኢትዮጵያ የነሐስ መሣሪያ እንግዳ አገር እንዳልሆነች፣ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የቤተ መንግሥቱን ባንድ እንደመሠረቱ ጽፈው፣ መሪያቸው ነርሲስ ናልባንዲያን ነበሩ አሉ። 17ኛው በአክብሮት አረማቸው፦ አርባ ልጆችን የመሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው፤ ነርሲስ የወንድማቸው ልጅና በኋላ ዘመን የተነሡ ናቸው። አዛውንቱ በ18ኛው ስህተታቸውን አምነው አመሰገኑ፤ ለጉዳያችን የምትሆን አንዲት ነገርም ጣል አደረጉ። በሰልፍ ላይ እየተራመዱ ሆርን መንፋት የማይመቸው ሰፊው አፉ ወደ ኋላ ስለሚዞርና እያንዳንዱ እርምጃ መንፊያውን ከከንፈር ላይ ስለሚያናውጠው ነው፤ ስለዚህ የሰልፍ ባንዶች ቦታውን ወደ ፊት ወይም ወደ ላይ ለሚያሰሙ ዘመዶቹ ይሰጣሉ። ሆርን የተቀመጠ ሰው መሣሪያ ነው ሲሉ ደመደሙ፤ እኔም መቀመጡ ስንፍና አለመሆኑን ያመንኩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

19ኛው የእኔ ነው። ስሌቴን በይፋ ሰረዝኩ። በዚያው ሰሞን ልጄ የብሩክነርን 4ኛ ሲምፎኒ ልትሰማ ስትሄድ ተከትያት ነበር። ሥራው የሚጀምረው ባለ አውታሮቹ በለሆሳስ ሲንቀጠቀጡ፣ በላያቸውም አንድ ሆርን ብቻውን ሲጠራ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያሟሙቅ ነገር የለም። የኦርኬስትራው መሪ እጁን ሲያነሣ ሆርን ነፊው መንፊያውን ከንፈሩ ላይ አሳርፎ፣ አንሥቶ፣ እንደገና ሲያሳርፍ አየሁ። ግንባሩ ያብረቀርቅ ነበር። ያን ጊዜ ሰዓቴን አላየሁም።

20ኛው ግን ነገሩን አከረረው። ይህ ሁሉ ድፍረት የክኒን ነው፣ ሁሉም ቤታ ብሎከር ውጠው ነው የሚቀመጡት የሚል ክስ መጣ። 21ኛው በአሜሪካ በ1987 የተካሄደውን የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ጥናት ጠቅሶ፣ መድኃኒቱን እንደሚወስዱ የተናገሩት 27 በመቶው እንጂ ሁሉም እንዳልነበሩ አረመ። 22ኛዋ ፋርማሲስት ናት፦ መድኃኒቱ የእጅ መንቀጥቀጥንና የልብ ምትን ያበርዳል እንጂ ችሎታ አይሰጥም፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው፤ ከባልደረባ ኪስ ተቀብሎ መዋጥ ትልቅ ጥፋት ነው። ለልጄም ቢሆን መጀመሪያ ሐኪም ሳያያት ከማንም እንዳትቀበል አጥብቃ አስጠነቀቀች። ሁለተኛ ሆርን ነፊያችን በ23ኛው ስለ ራሷ ምንም ሳትናገር፣ ባልደረቦቿ ስለዚህ ነገር እንደ ገመና ሹክ ከማለት በስተቀር በግልጽ እንደማይነጋገሩና ከክኒኑ ይልቅ የሚጎዳቸው ይህ ዝምታ እንደሆነ ጻፈች።

24ኛው ስለ ጆሮ ነበር። አንድ ሰው የለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሐውስ ሆርን ነፊ ጆሮው ተጎድቶ ካሣ እንዳገኘ ጻፈ፤ 25ኛው ወዲያው አረመው። የተጎዳው ቪዮላ፣ ማለትም ከቫዮሊን ከፍ ያለ ባለ አውታር መሣሪያ፣ ተጫዋች ነው፤ በ2012 የዋግነርን ዲ ቫልኩሬ ሲለማመዱ ነሐስ ነፊዎቹ ከኋላው ተቀምጠው ነበር፤ የድምፁም መጠን ከ130 ዴሲቤል በላይ ነበር፤ ፍርዱ በ2018 ተሰጠ። ያም ሆኖ ነፊዎቹ ራሳቸው አይድኑም። የሆርን ሰፊ አፍ ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ስለሚያይ፣ በቀኝ የተቀመጠው ጎረቤት ድምፁን በግራ ጆሮው ይጠጣዋል። እኅታችን በጆሮዋ ልክ የተሠራ መድፈኛ አላት፤ በጣም ዝግ ባለ ቦታ ግን የራሷን ድምፅ ከውስጥ ስለሚያጎላባት አውጥታ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሲጮህ ለመመለስ ጊዜ የምታጣበት ቀን አለ።

ከ26ኛ እስከ 30ኛ ስንት ዓመት ያሠራል የሚለው ጥያቄዬ ተራው ደረሰ። አንዱ ሆሊዉድ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት የፊልም ሙዚቃ የነፋውን ቪንስ ዴሮሳን አነሣ፤ በ1920 ተወልዶ በ2022 በ101 ዓመቱ ያረፈ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሆርን ዕድሜ አይቀንስም። ሌላው ዴኒስ ብሬንን አስታወሰ፤ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ነፊዎች ስሙ ቀድሞ የሚጠራው እንግሊዛዊ ከኤዲንብራ ሥራውን ጨርሶ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ለንደን ሲነዳ በመስከረም 1 ቀን 1957 ማለዳ መኪናው ተጋጭቶ በ36 ዓመቱ ሞተ። ሁለቱም ምሳሌዎች ስለ ከንፈር ምንም አይናገሩም ሲል 28ኛው በምሬት ጻፈ። ይህ ሰው ለ19 ዓመት ነፍቶ ያቆመ ነው። አንድ ቀን በመካከለኛው ድምፅ ላይ የከንፈሩ ጠርዝ ያለፈቃዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ልምምድ ባበዛ ቁጥር ባሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፎካል ዲስቶኒያ የሚባል፣ ጡንቻ ሳይሆን አንጎል ለጡንቻው የሚልከው ትእዛዝ የሚዛባበት ሕመም መሆኑ ተነገረው። ሲበላም፣ ሲናገርም፣ ሲስቅም ደህና ነው፤ መንፊያው ከንፈሩን ሲነካ ብቻ ነው የሚመጣበት። ይሠራበት የነበረው ኦርኬስትራ ለጥቂት ወራት አባበለው፤ ከዚያ በኋላ በደብዳቤ ተሰናበቱ። ዛሬ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ከዚህ መልስ በኋላ ለአንድ ቀን ተኩል ማንም አልጻፈም። 29ኛው አይዞህ የሚል ነበር፤ በ30ኛው ደግሞ 4ኛውን የጻፈው የሌሊት ሠራተኛ ተመልሶ ስለ አውቶቡሱ የተናገረውን ይቅር እንዲሉት ጠየቀ።

31ኛውና 32ኛው ስለ መሣሪያ ዋጋ ናቸው። ጥሩ አዲስ ድርብ ሆርን፣ ማለትም ሁለት ሆርን በአንድ የተጣመረበት፣ 10 ሺህ ዩሮ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ስሰማ ለአፍታ ዐይኔን ጨፈንኩ። ከ1782 ጀምሮ ሆርን የሚሠራው የአሌክሳንደር ቤት እዚሁ ማይንትስ ከእኛ ጥቂት ጣቢያ ርቆ እንደሚገኝ ያወቅሁት ከማላውቀው ሰው መልስ ነው፤ ልጄ ግን ከ10 ዓመቷ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ስታፈጥ እንደኖረች ነገረችኝ።

በ33ኛው እኔ የመጨረሻ ጥያቄዬን አቀረብኩ፤ ልጄ ለትምህርት ቤቱ ከምትፈተንበት ቀን በፊት ባሉት ወራት አባት ሆኜ ምን ላድርግ የሚል። 34ኛው የሁለተኛ ሆርን ነፊዋ ነው። ምክር ከመስጠት ይልቅ አንድ ሥራ አዘዘችኝ። መንፊያው የሚያርፈው በከንፈር ላይ ቢሆንም ከከንፈሩ በስተጀርባ የሚሸከመው የፊት ጥርስ ነው፤ ጥርስ በብስክሌት አደጋ ቢሰበር ወይም ቢሸረፍ፣ በሚሊሜትር ያነሰ ልዩነት እንኳ ዓመታት የተገነባውን አያያዝ ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ ጥርሷ ደህና ሳለ የጥርስ ሐኪም በጂፕሰም ቅርጹን ወስዶ ያስቀምጥላት፤ አንድ ቀን የሚጠገን ነገር ቢኖር በዚያ ልክ ይጠገናል። የእሷ ቅርጽ በካርቶን ሆኖ ከመጻሕፍት መደርደሪያዋ ላይ ተቀምጧል።

ስልክ ደወልኩ። የሐኪሙ ጸሐፊ ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ ሳስረዳት፣ ኢንሹራንሱ ይህን እንደማይሸፍን ነገረችኝ። ቀጠሮው ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው።